የማታ ጆተኒ

«ጎል! ወላሂ ጎል ናት፣ ገብታ ነው የወጣችው!»

የተውፊቅ ድምፅ ነው። ሳፊያ ወጥ ቤት ቆማ ድስት እየፈተገች ሰማችው። ድስቱ ከጠራ ቆይቷል፤ እሷ ግን ሽቦውን ጨብጣ መልሳ መላልሳ ትፈትገዋለች። መብራት ከመግሪብ በፊት ጀምሮ ጠፍቶ ሰፈሩ በሙሉ ድቅድቅ ብሏል። በዚያ ሁሉ ጨለማ መሀል የሚበራው የእነሳፊያ ጓሮ ብቻ ነው። ነጩ ብርሃን በወጥ ቤቱ ጠባብ መስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ስላረፈ ሻማ እንኳ አላስፈለጋትም።

ያንን መብራት የሠራችው እሷ ናት። ወንዶቹ በእሷ መብራት ይጫወታሉ፣ እሷ በገዛ መብራቷ ድስት ታጥባለች።

«ቆይ ግን፣ ይሄን መብራት ማን ነው የሠራላችሁ?» አለ ውጭ አንድ የማታውቀው ልጅ። አዲስ መጪ መሆን አለበት።

የሳፊያ እጅ ድስቱ ላይ ቀጥ አለ።

«እኔ ነኛ» አለ ወንድሟ ሚስባህ። «ቀላል እኮ ነው። የባጃጅ መብራት ነው፤ ባትሪው ላይ ትሰካዋለህ፣ አለቀ።»

«አቦ ይመችህ! ኢንጂነር ነህ ለካ!»

ሳፊያ ድስቱን እቃ መደርደሪያው ላይ አንኳኳችው። ክዳኑ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ምንድነው የተሰበረው?» አለች እናቷ ሰዒዳ ከሳሎን።

«ምንም!»

«ታዲያ ቀስ በያ! የሰው ዕቃ አስመሰልሽው እኮ።»

ሳፊያ ክዳኑን አነሳች። ትሰካዋለህ፣ አለቀ! አንዲት ሽቦ ያልነካ፣ አንዲት ሚስማር ያላቀበለ ልጅ! ወጥታ ልጆቹ ፊት «ውሸታም» ብትለው ደስ ባላት፤ ግን መውጣት ተከልክላለች። የሚያንጨረጭራትም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስፋልቱ ዳር የሚከራይ ጆተኒ አለ። ወንዶቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እዚያ ተኮልኩለው ብረቱን እያሽከረከሩ ሲጯጯሁ ይውላሉ። ሴት ልጅ ግን እዚያ አትቆምም፤ ብትቆም እሷ ቤቷ ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ይደርሳል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት፣ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው አባታቸው ከጅቡቲ መንገድ ተመልሶ ጥቂት ባረፈበት ጊዜ፣ ሳፊያና ሚስባህ ለምነው ለምነው ጓሮ ውስጥ የራሳቸውን ጆተኒ አሠሩት። ሣጥኑ የተሰበረ አልጋ ሳንቃ ነው፣ ብረቶቹ ከግንብ ሥራ የተረፈ ፌሮ። ተጫዋቾቹን ከአሮጌ የአካፋ እጀታ ቆርጠው አወጧቸው። ግማሾቹን ከበር የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀቡና ቀለሙ ሲያልቅ የቀሩት እንዳሉ ቀሩ። ኳሷ ከዲዮድራንት አፍ ተፈልቅቃ የወጣች ናት።

ሳፊያ ጆተኒው ላይ ሌላ ሰው ናት። ክፍል ውስጥ እጅ ለማውጣት የምትፈራ ልጅ፣ ብረቱን ስትይዝ ዓይኗ ከኳሷ አይነቀልም። አጥቂዎቿን አትነካካም፤ ከኋላ መስመር፣ በተከላካይ፣ ቀጥ አድርጋ ነው የምትለቃት። ሚስባህ በአሥራ ስድስት ዓመቱ በአሥራ አራት ዓመቷ እህቱ ይሸነፋል፤ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ግድ አይሰጠውም ነበር።

ችግሩ የትምህርት ቤቱ ፈረቃ ነው። ሚስባህ ጠዋት ይማራል፣ ሳፊያ ከሰዓት። እሱ ደብተሩን ይዞ ሲገባ እሷ ደብተሯን ይዛ ትወጣለች። ሁለቱም ቤት ሲሆኑ ጀምበር ትጠልቃለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሳፊያ ልብስ አጠባ ላይ ናት፣ እሱ ኳስ ሜዳ።

«ማታ ማታ ብንጫወትስ?» ያለችው እሷ ናት።

«በምን ዓይንሽ?» ብሎ ሳቀባት ሚስባህ።

«ካበራሁትስ?»

«ካበራሽው በየማታው የመጀመሪያው ጨዋታ ያንቺ። ወላሂ።»

ምሎላት ነበር። ሳፊያ ይህችን ልብ ብላ ያዘቻት።

መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንጠልጥላ ሞከረች። አልሆነም። ጎንበስ ሲሉ የገዛ ጭንቅላታቸው ጥላ ሜዳው ላይ ያርፍና ኳሷ ጥላው ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ብርሃኑ ከላይ ሳይሆን ከሣጥኑ ከራሱ ውስጥ መምጣት እንዳለበት የገባት ያኔ ነው። ግን በምን?

መልሱ ከደምለው ዘንድ መጣ። ደምለው ግቢያቸው ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየ ባለባጃጅ ነው። ባጃጁን ዙሪያውን በኤልኢዲ የመብራት ገመድ አስጊጦ እንደ ሠርግ መኪና ሲያብለጨልጭ ከርሞ፣ አንድ ቀን ትራፊክ አስቁሞ አስነቀለው። ደምለው ሲሳደብ ገብቶ ጥቅልሉን ደጃፉ ላይ ወረወረው።

«ጋሼ ደምለው፣ ይሄን አትፈልገውም?» አለችው ሳፊያ።

«ዓይኔ እንዳያየው! ውሰጂው። ባትሪም አለልሽ፤ ሞተር ማስነሳት አቅቶታል እንጂ ለመብራት አያንስም። ሲደክም አምጪው፣ ባጃጁ ላይ እሞላልሻለሁ።»

ሳፊያ ጠዋት ጠዋት፣ ሚስባህ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ሠራችው። ከሣጥኑ ከንፈር በታች፣ በውስጥ በኩል፣ ኤልኢዲውን ዙሪያውን ዘረጋችው። ማጣበቂያው በአቧራ ስለሞተ ከጀሪካን በቆረጠችው ላስቲክ ይዛ በትንንሽ ሚስማር መታችው። ብርሃኑ የተጋጣሚ ዓይን እንዳይወጋ ፊት ለፊቱ ቀጭን ጣውላ ጋረደችለት። ከዚያ መሀል ላይ ትንሽ ማብሪያ አስገብታ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ ባትሪው ላይ አሰረች። አልበራም። ሲያለቅሳት ትንሽ ቀረ። ነቅላ፣ የነበረውን ገልብጣ፣ ቀዩን በጥቁሩ ቦታ ስታስረው ሜዳው ጥላ የሌለበት ነጭ ሆነ። ለብቻዋ ጓሮ ውስጥ ዘለለች።

የመጀመሪያው ማታ ሠርግ መሰለ። ያን ዕለትም መብራት ጠፍቶ ነበርና ቤተሰቡ ሁሉ ጓሮ ወጣ። ሰዒዳ እንኳ በርጩማ አምጥታ ተቀመጠች። ደምለው ዳኛ ነኝ አለ። ሚስባህ ጓደኛውን ተውፊቅን ይዞት መጥቷል። ሳፊያ ወንድሟን አንዲት ጎል ሳታስቀምስ ባዶ አስወጣችው፤ ቀጥላ ተውፊቅን ለጥቂት አሸነፈችው። ተውፊቅ እየሳቀ የሚስባህን ጀርባ ደበደበ።

«ባዶ ወጣህ! በገዛ እህትህ ባዶ ወጣህ! ነገ ክፍል ሳልናገር አልውልም!»

ሚስባህም ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ሳፊያ በዚያ ሰዓት በደስታ ስለሰከረች አላስተዋለችውም።

ወሬው ተሰማ። በማግሥቱ ማታ ልጆች መጡ፣ በሦስተኛው ቀን በዙ። በጨለማ ሰፈር የሚበራ ጆተኒ ያለው እነሚስባህ ቤት ብቻ ነዋ! በሦስተኛው ቀን ሳፊያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ልትወጣ ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆመች።

«ካሁን በኋላ ማታ ማታ ጓሮ መውጣት የለም።»

«ለምን?»

«ወንዶች ይመጣሉ። በጨለማ ከወንዶች ጋር መጋፋት ምን የሚሉት ነው?»

«የቱ ጨለማ? እኔ አይደለሁ ያበራሁት?»

«ሳፊያ፣ አፍሽን ያዢ! አባታችሁ መንገድ ላይ ነው። ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው። ደግሞ ወንድምሽ የነገረኝ ይበቃኛል።»

«ምን ብሎ ነገረሽ?»

«የማይደገም ነገር ነው። ልጆቹ ስላንቺ የሚሉት ለጆሮ አይመችም፤ በተለይ ያ ተውፊቅ። በቃ፣ ግቢ።»

ሳፊያ ገባች። ያን ማታ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። ተውፊቅ! ያ ሳቂታ! እፊቷ እየሳቀ ኋላዋ ስሟን የሚያነሳ! ከዚያ ወዲህ ድምፁን በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ዛሬ ማታም ድስቷን ጨርሳ እጇን ስታደርቅ፣ ጓሮ ውስጥ «ጎል!» የሚለው እሱ ነው። ነገ መንገድ ላይ ካገኘሁት አልምረውም ብላ ተኛች።

በነጋታው አገኘችው። ቀትር ላይ እሷ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እሱ ከጠዋት ፈረቃ ይመለሳል። የኮምቦልቻ ፀሐይ አናት ትበሳለች። ተውፊቅ ደብተሩን ራሱ ላይ ደፍቶ ከሩቅ ተጣራ።

«ሳፊያ! ምነው ጠፋሽ?»

ዝም ብላ ልታልፈው ነበር። እግሯ ግን አልታዘዝ አላትና ቆመች።

«ታሾፋለህ?»

«ምን አሾፋለሁ? ብድሬን ሳልመልስ ጆተኒ ሰለቸኝ ትያለሽ! እንደሱ አይሠራም።»

«ማነው ሰለቸኝ ያለው?»

«ሚስባህ ነዋ የነገረን። ሰልችቷታል፣ ለሚኒስትሪ ፈተና እያጠናች ነው፣ አትጥሯት አለን። እኛም አልጠራንሽም።»

ሳፊያ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። የሚያፍር ሰው ፊት አይደለም።

«ተውፊቅ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ። ስለ እኔ መጥፎ ነገር ተናግረህ ታውቃለህ?»

«እኔ?» ደብተሩን ከራሱ ላይ አወረደ። «ምን ብዬ? ሰፈር ውስጥ ጆተኒ የሚችል ሰው እሷ ብቻ ናት ብያለሁ። እሱ መጥፎ ከሆነ ብያለሁ። ማነው እንደዚህ ያለሽ?»

«ማንም» አለችና ጥላው ሄደች።

ማንም! ለእናቷ «ልጆቹ ይሰድቧታል» ብሎ፣ ለልጆቹ «ሰልችቷታል» ብሎ፣ መሀል ላይ እሷን ቆልፎ የተቀመጠው የገዛ ወንድሟ ነው። ያውም በራሷ መብራት! ያን ከሰዓት መምህሩ ምን እንዳስተማሩ ሳፊያን ብትጠይቋት አታውቅም። ደብተሯ ላይ እስክሪብቶዋን ስትጫን ወረቀቱ ተቀደደ። ጎኗ የተቀመጠችው ልጅ «ምን ሆነሻል?» ብትላት «ተይኝ» ነው ያለቻት።

ቤት ስትደርስ ጀምበሯ ገና ጨርሳ አልጠለቀችም። ሚስባህ ዳቦ ሊገዛ ተልኳል። ሳፊያ ደብተሯን አስቀምጣ፣ ከእናቷ የስፌት ዕቃ ውስጥ መቀስ አንስታ በቀጥታ ጓሮ ሄደች። ኤልኢዲው እንደ ነገሩ አይቆረጥም፤ በየመሀሉ የመቁረጫ ምልክት አለው፤ ከምልክቱ ውጪ ከቆረጡት ያ ቁራጭ አይበራም። ይህን ከመላ ሰፈሩ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። መቀሱን ምልክት የሌለበት ቦታ ላይ ከፍታ ያዘችው።

ትንሽ ጠበቅ ብታደርገው አለቀ። ኢንጂነሩ ይቀጥለው!

ግን እጇ እንቢ አላት። እነዚያን ሚስማሮች አንድ በአንድ የመታችው፣ አውራ ጣቷ ላይ ጥፍሯ እስኪጠቁር የቀጠቀጠችው እሷ ናት። የእሱን ውሸት ለመበቀል የራሷን ሥራ ምን ትቆርጣለች? መቀሱን ኪሷ ከተተችና ባትሪው ዘንድ ተቀመጠች። ሽቦዎቹን የሸፈነውን ጥቁር ፕላስተር ላጠች፣ ሁለቱን ሽቦዎች ፈታች፣ ቦታቸውን አለዋውጣ መልሳ አሰረች። ፕላስተሩን ልክ እንደነበረ ጠቀለለችው። ሽቦው ሲገለበጥ አይቃጠልም፣ አይሰበርም። አይበራም፣ በቃ።

መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ። ልጆቹም እንደ ልማዳቸው መጡ። ሳፊያ ወጥ ቤት በሻማ ሽንኩርት እየከተፈች ጆሮዋን ጓሮው ላይ ጥላለች።

ቀጭ አለች ማብሪያዋ። ምንም የለም። ቀጭ፣ ቀጭ።

«ሚስባህ፣ መብራትህ ሞተ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ቆዩ፣ ቆዩ፣ ባትሪው ነው።»

«ባትሪው ዛሬ ተሞልቷል። ደምለው ሲሞላው አይቻለሁ» አለ ሌላው።

«እንግዲያው ሽቦው ነው።»

«አስተካክለዋ ታዲያ። አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

ከዚያ ረጅም መንኳኳት ሆነ። ሚስባህ ባትሪውን ይነቀንቃል፣ ጣውላውን ይመታል፣ ማብሪያዋን ያላጋል። ልጆቹ ሙድ ይይዙበት ጀመር። «ኢንጂነር! ዲግሪህን አሳየና!» እያሉ ይስቃሉ። ሳፊያ ሽንኩርቱ ላይ አቀርቅራ ፈገግ አለች። ጥጋቧ ግን ብዙ አልቆየም። ጨለማ ውስጥ እንዲቀመጡ ማድረግ ችላለች፤ እሷስ? እሷ አሁንም ወጥ ቤት ናት።

የወጥ ቤቱ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሚስባህ ነው። አልቦታል።

«ሳፊያ» አለ በሹክሹክታ። «መብራቱ እንቢ አለ። ምን ላድርግ?»

«አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

«አቦ አታካብጂ! ንገሪኝና ራሴ አስተካክለዋለሁ። እየጠበቁኝ ነው።»

«ይጠብቁ።»

ዓይኑ ከያዘችው ቢላዋ ወደ ረጋው ፊቷ ሄደ። ገባው።

«አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ ያበላሸሽው!»

«ቀን ተውፊቅን አግኝቼዋለሁ» አለች ሳፊያ። ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ጆተኒ ሰለቸኝ ብያለሁ አሉ። መቼ ነው የሰለቸኝ? ደግሞ ተውፊቅ ስለኔ ምን እንዳለ አንተው ራስህ ንገረኝ። እስቲ ድገመው፣ ለእማ የነገርካትን።»

«ቀስ በይ...»

«ቀስ አልልም!»

ሰዒዳ ሻማዋን ይዛ መጣች። ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው።

«ምንድነው የምትጯጯሁት? ውጭ የሰው ልጆች አሉ።»

«እማ፣ ይናገር በይው። ተውፊቅ ስለኔ ምን አለ? እዚያው ጓሮ ነው ያለው፤ ጠርተን እንጠይቀው።»

«አትጥሪው!» አለ ሚስባህ ደንግጦ።

ሰዒዳ ሻማውን መደርደሪያው ላይ አቆመችው። ልጇን ታውቀዋለች።

«ሚስባህ፣ ቀና በል እስቲ። ልጁ የነገርከኝን ነገር ብሏል ወይስ አላለም?»

ሚስባህ ዓይኑን ወደ ጫማው ጫፍ ጣለ። «አላለም» አለ።

«ታዲያ ለምን?»

«ባዶ አስወጥታኝ ክፍል ውስጥ መሳቂያ አደረጉኝ። እሷ ስትመጣ ሁሉም እሷን ነው የሚያዩት። በየቀኑ ሼም ነው እማ...»

ሰዒዳ ትከሻውን በመዳፏ መታችው። «አንተ! በሰው ልጅ ስም ትቀጥፋለህ? የተውፊቅን እናት ሰላም ማለት እስክተው ድረስ ነው ያደረስከኝ! አላህን አትፈራም?»

ሳፊያ ሽንኩርቱን ገፋ አድርጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እንግዲህ አለቀ፣ ውሸቱ ተገለጠ፣ ምን ቀረ?

«እማ፣ ስለዚህ ልውጣ?»

ሰዒዳ ተነፈሰች። «ልጄ፣ እሱ ዋሸ። ልጆቹም ጨዋ ናቸው እንበል። ማታው ግን ያው ማታ ነው። ሰው ምን ይላል?»

ሳፊያ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ከውሸቱ ይልቅ ይኸኛው ነው የባሰባት። ውሸት ከተያዘ ይወድቃል፤ ይኼን ግን በምን ትይዘዋለች?

ከጓሮ «ኧረ ተጠንቀቅ፣ ረገጥከው!» የሚል ድምፅ መጣ። ሰዒዳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ወይኔ ጎመኔ! በጨለማ መደቤን ሊያበራዩት ነው። ሳፊያ፣ መብራቱን ምን አድርገሽው ነው?»

«ገለበጥኩት። አልተበላሸም።»

«በይ ሩጪና አስተካክይላቸው። የእጅ ባትሪውን ያዢ። አስተካክለሽ ቶሎ ተመለሽ።»

ሳፊያ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እናቷን አየቻት። ቁጣዋ ሲወጣ ጩኸት ሆኖ አልወጣም።

«እማ፣ አሁን ጨለማ ነው አይደል? ወንዶቹም አሉ።»

«እና?»

«በጨለማው ወንዶቹ መሀል ሂጂ እያልሽኝ ነው። ሲበራ ደግሞ ተመለሽ ትይኛለሽ። ሰው ምን የሚለው የቱን ሲያይ ነው?»

ሻማው ተርገበገበ፣ ሰዒዳ በእጇ ጋረደችው።

ሳፊያ የእጅ ባትሪውን አንስታ ወጣች። ሚስባህ እኋላዋ ተከተለ። ጓሮ ውስጥ ልጆቹ ሲያዩዋት ገለል አሉላት፤ አንዱ ከጎመኑ መደብ ላይ እግሩን አነሳ። ተውፊቅ ሳይነገረው የስልኩን መብራት አብርቶ ባትሪው ላይ ያዘላት። ተንበረከከች። ፕላስተሩን ላጠች፣ ሽቦዎቹን ፈታች፣ ቀዩን ወደ ቦታው፣ ጥቁሩን ወደ ቦታው አደረገች።

ሜዳው በራ።

«አሃ!» አለ አዲሱ ልጅ። «እሷ ናት እንዴ?»

ሁሉም ወደ ሚስባህ ዞሩ። ሚስባህ አንገቱን አከከ።

«እሷ ናት» አለ። «ሁሉንም እሷ ናት የሠራችው።»

ይህን ሲል ሳፊያ ንዴቴ ይበርድልኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልበረደላትም። ከመሬት ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች። ወጥ ቤቱ በር ላይ እናቷ ሻማዋን ይዛ ቆማለች፤ ሻማው ኤልኢዲው ፊት ቢጫ ነጥብ ሆኗል። አሁን መግባት ነው የሚጠበቅባት። ሚስባህም ልጆቹም መንገድ ለቀውላታል።

ሳፊያ በለቀቁላት መንገድ አልሄደችም። ጆተኒውን ዞራ በሰማያዊዎቹ በኩል ቆመችና የበረኛውንና የተከላካዩን ብረት ያዘች።

«ሳፊያ!» አለች እናቷ ከበሩ።

«አንድ ጨዋታ ነው እማ» አለች ሳፊያ። አልጮኸችም፤ ዞራም አላየችም። እጇ ግን ከብረቱ አልተነሳም።

ልጆቹ አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ ሳፊያን ያያሉ። ማንም አልሳቀም። ሳፊያ በጀርባዋ የእናቷን እግር ኮቴ ጠበቀች፤ ኮቴ አልመጣም። በሩም አልተዘጋም። ሁለተኛ ጊዜ አልተጠራችም።

ተውፊቅ ቀስ ብሎ ፊት ለፊቷ ቆመ። ኳሷን በሁለት ጣቱ መሀል ሜዳው ላይ ይዞ እናትየዋን በዓይኑ ጠየቀ፣ ከዚያ ሳፊያን አየ።

«ልጣላት?»

ሳፊያ ተከላካዩን ወደ መሀል ሳብ አደረገች።

«ጣላት» አለችው።